ልብና ሳንባ ዳገት ላይ፦ በወሎ ደጋ ለሚንቀሳቀስ ሰው የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ደሴ ውስጥ ሜዳ ፈልጎ መራመድ ከባድ ነው። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ሰፈሩ የሚሄድ ሰው ወይ ዳገት ይወጣል ወይ ቁልቁለት ይወርዳል። የትንፋሽ ማጠርና የልብ መምታት እዚህ የዘወትር ጉዳይ የሆነው ለዚህ ነው፤ የዘወትር በመሆኑም ማንም ልብ ብሎ አያየውም። በዚህ መካከል ሁለት ዓይነት ሰው ይጎዳል። አንደኛው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ልቡ ደረቱን ሲደበድበው ይደነግጥና እንቅስቃሴን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ሁለተኛው በእርግጥ የታመመ ነው፤ ነገር ግን ራሱም ቤተሰቡም «ዳገቱ ነው እኮ» እያሉ ዓመታት ያልፉታል። የሁለተኛው ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ሁለቱንም የሚጠቅማቸው አንድ ነገር ነው፦ የራስን የልብ ምትና ትንፋሽ ቆጥሮ ማወቅ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ አድርጎ ማንበብ። የልብ ምት ብቻውን ያሳስታል፤ ትንፋሽም ብቻውን ያሳስታል። የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሰከንድ የሚያሳይ ሰዓት ወይም ስልክ፣ ደብተርና እስክሪብቶ፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚመላለሱበት አንድ የታወቀ ዳገት ናቸው። ዳገቱን አይለዋውጡ፤ ለውጥዎን የሚለኩት በእርሱ ነውና።

ከመነሳትዎ በፊት ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን ስቶ የወደቀ፣ ወይም ከቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለበት ሁሉ መጀመሪያ መመርመር አለበት። ነፍሰ ጡሮችም ክትትል በሚያደርጉበት ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘለለውን ለብቻው ላንሳ። በአገራችን ወጣቶችን ከሚያጠቁ የልብ ሕመሞች ዋነኛው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። መነሻው በልጅነት የሚከሰት፣ በባክቴሪያ የሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ሕመሙ በወቅቱ ካልታከመ የሰውነት የመከላከያ ኃይል ባክቴሪያውን ሲዋጋ የልብን በሮች አብሮ ይጎዳል፤ አንዳንዱ በር ይጠባል፣ አንዳንዱ በሚገባ አልዘጋ ይላል። በር የጠበበባት ልብ ሥራ ሳይበዛባት ዝም ብላ ትኖራለች፤ ዳገት ላይ ግን ደሙ ወደ ሳንባ ይመለስና ትንፋሽ ያጥራል። ስለዚህ የ18 ወይም የ20 ዓመት ልጅ እኩዮቿ ያለ ችግር በሚወጡት ዳገት ላይ ደጋግማ የምትቆም ከሆነ «ሰነፍ» አይበሏት፤ ልቧን ያስመርምሯት። ሕፃን ጉሮሮው ሲታመምና ሲያተኩሰውም እንጥል ማስቆረጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ጤና ጣቢያ ተወስዶ የሚያገኘው የፔኒሲሊን ሕክምና ነው ልቡን የሚጠብቅለት።

ሌላው በጓዳ የሚደበቀው ችግር ጭስ ነው። ለብዙ ዓመታት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ እናቶች፣ ሲጋራ በአፋቸው ባይዞርም፣ የአየር መተላለፊያቸው ጠብቦ ሊሆን ይችላል። የማይለቅ ሳል፣ አክታና ደረት ውስጥ የሚያፏጭ ድምፅ ካላቸው «አርጅተው ነው» ብሎ መተው አይገባም። ሕክምና አለው፤ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስም የሕክምናው አካል ነው።

ደረጃ 1፦ በዕረፍት ላይ ያለውን ልብ መቁጠር

ጠዋት ከመኝታዎ ሳይነሱ፣ ቡና ሳይጠጡ ይቁጠሩ። ከአቦል በኋላ የተቆጠረ ምት የቡናውን ሥራ ጨምሮ ያሳይዎታል። ጫት የሚቅሙ ከሆነም የልብ ምትንም የደም ግፊትንም ከፍ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ስላለው፣ በቃሙበት ቀን የተገኘውን ቁጥር እንደ መነሻ አይያዙት። በምርቃና ላይ ሆኖ ዳገት መሮጥ ደግሞ ለልብ ድርብ ሸክም ነው፤ ፈጽሞ አልመክረውም።

የቀኝ እጅዎን አመልካችና መካከለኛ ጣቶች በግራ አንጓዎ ላይ፣ በአውራ ጣትዎ ሥር በኩል ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይዳስሱ፤ የራሱ ምት ስላለው ያደናግርዎታል። ምቱን ሲያገኙ 30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። ለጥቂት ተከታታይ ጠዋቶች ይህን አድርገው መካከለኛውን ቁጥር ይመዝግቡ።

የጤነኛ አዋቂ ሰው የዕረፍት ምት በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ነው። ለዓመታት ልምምድ የሠራ ሯጭ 40ዎቹ ውስጥ ሊወርድ ይችላል፤ ለእርሱ ጤናው ነው። ልምምድ የማያውቅ ሰው 40 ቢቆጥርና ቢያዞረው ግን ወደ ሐኪም ይሂድ። ምቱ ያለ ሥርዓት የሚዘባረቅ፣ አንዴ ፈጥኖ አንዴ የሚዘገይ ከሆነም እንዲሁ። በጤነኛ ወጣት ላይ አየር ሲያስገባ ትንሽ መፍጠን፣ ሲያስወጣ ትንሽ መዘግየት ያለ ነው፤ እርሱ አያስፈራ።

ቀጥሎ ትንፋሽ። አዋቂ ሰው በዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አስቸጋሪው ነገር፣ ሰው የራሱን ትንፋሽ ሲቆጥር ትንፋሹ ይቀየራል። ስለዚህ ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ ጋቢዎ ከፍ ዝቅ ሲል እያዩ ሳይነግሩዎት ይቁጠሩልዎ። ለአንድ ሙሉ ደቂቃ።

ደረጃ 2፦ የሚተነፍሱትን አየር ማወቅ

አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ በቆቦ ሜዳም በአቡነ ዮሴፍ ጫፍም። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ወርደው 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያገኟታል፤ እዚያ ግፊቱ አራት አምስተኛ ይደርሳል። ላሊበላ ከደሴ ጋር ተቀራራቢ ነው። ከላሊበላ በላይ ያለው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚቆመው አቡነ ዮሴፍ ላይ ግን 60 በመቶ ብቻ ይቀራል።

ሰውነት ለዚህ መልስ አለው። በአንገት ደም ቅዳዎች አጠገብ የኦክስጅንን መጠን የሚከታተሉ ጥቃቅን አካላት አሉ። ኦክስጅን ሲያንስ አንጎልን ያስጠነቅቃሉ፤ ሳንባ ትንፋሹን ያበዛል፣ ልብም ለዚያው ሥራ ከወትሮው የበለጠ ይመታል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚሆን ነው። ሁለተኛው መልስ ዘገምተኛ ነው፤ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ያመነጭና የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሴሎችን አብዝቶ እንዲሠራ ያዘዋል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል።

ይህን በዝርዝር ያነሳሁት በተለይ ከጅዳና ከቤይሩት ለሚመለሱት እህቶቻችን ነው። ሁለቱም ከተሞች የባሕር ዳርቻ ላይ ናቸው። እዚያ ዓመታት የኖረች ሴት ደሴ ገብታ በሦስተኛው ቀን የእናቷን ቤት ዳገት ስትወጣ ልቧ ቢዘልና ትንፋሿ ቢቆራረጥ፣ ቤተሰቡ «ምን ነክቷት ነው የመጣችው?» ብሎ ይሸበራል። ብዙ ጊዜ የነካት የአየሩ መሳሳት ነው። ለሁለት ሳምንታት ያህል በዝግታ ትመላለስ፣ ውሃ ትጠጣ፣ የልብ ምቷን ትመዝግብ። ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ከሄደ ሰውነቷ እየለመደ ነው። ካልወረደ ወይም እየባሰ ከሄደ ትመርመር።

እዚሁ ተወልዶ ያደገውስ? በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ነበር። የሄሞግሎቢናቸውም ሆነ በደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራርቦ ተገኝቷል፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እንደሚኖሩ ሰዎች ደማቸው አልወፈረም። አስደናቂ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ደገኛ መሆን ብቻውን ሯጭ አያደርግም፤ ሳይንቀሳቀስ የኖረ ደገኛም ዳገት ላይ ያለከልካል።

የከፍታን ኃይል ዓለም በግልጽ ያየው በ1968 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ 2,240 ሜትር ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ በተደረገው ኦሊምፒክ ነው። በአጭር ርቀት ሩጫና በዝላይ ክብረ ወሰኖች ተሰባበሩ፣ የሳሳው አየር ሯጩን የሚገታው በትንሹ ነውና። ረጅም ርቀት ላይ ግን የሩጫው ሰዓት ዘገየ፤ ማራቶኑን ያሸነፈው የእኛው ማሞ ወልዴ ነበር።

ደረጃ 3፦ ሰውነትን ማሟሟቅ

ልብ ከእግር ቀድማ ትነሳለች። ገና ጫማዎን ሲያስሩ አንጎል ሥራ እንደሚመጣ አውቆ ምቱን ከፍ ያደርጋል። እስከ 100 አካባቢ ድረስ ምቱ የሚጨምረው በዋናነት ልብን የሚያረጋጋው ነርቭ እጁን ስለሚያነሳ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስኬደው አጣዳፊው ነርቭና አድሬናሊን ነው።

ጡንቻዎች ግን ኦክስጅን በአግባቡ መጠቀም እስኪጀምሩ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይወስዳሉ። በዚህ ክፍተት ውስጥ ኃይል የሚያገኙት ከተጠራቀመው ስንቅና ያለ ኦክስጅን ከሚቃጠለው ስኳር ነው። ከበር ወጥቶ ወዲያው ዳገቱን የሚጣደፍ ሰው ከ3 ደቂቃ በኋላ ጉልበቱ የሚከዳው ለዚህ ነው፤ ብዙዎች «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» ብለው የሚመለሱትም እዚችው ላይ ነው። ሦስት ደቂቃውን ቢታገሡት ኖሮ ትንፋሻቸው ይረጋጋ ነበር።

ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቀለል ባለ መንገድ በዝግታ ይራመዱ። በደሴ ቅዝቃዜ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ማለዳ፣ 10 ደቂቃውን ሙሉ ይስጡት። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአየር መተላለፊያን ያኮማትራል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስለዋል፣ ደረቱን ያፍነዋል። በነጠላ ወይም በሻርፕ አፍና አፍንጫን መሸፈን የሚገባውን አየር ያሞቀዋል፣ ያረጥበዋልም። ሐኪም የሚነፋ መድኃኒት ያዘዘለት ሰው ኪሱ ሳይዘው አይውጣ።

ደረጃ 4፦ ዳገቱን መውጣትና ሁለቱን አብሮ ማንበብ

የመመሪያው ልብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

በዕረፍት ላይ ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ትረጫለች። ዳገት ላይ አቅሟን አሟጥጣ ስትሠራ ልምምድ የሌለው ጤነኛ ሰው ልብ ወደ 20 ሊትር ታደርሰዋለች፤ የታወቁ ሯጮች ከ30 ሊትር ያልፋሉ። ይህን የምታደርገው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያ በአንድ ምት የምትረጨውን መጠን ትጨምራለች፤ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ የነበረው ከ100 በላይ ይሆናል። ይህ ጭማሪ በብዙ ሰው ላይ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በምት ብዛት ብቻ የሚሸፈን ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ልብ በድንገት «መሮጥ የጀመረች» የሚመስልዎት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ደሙ ደግሞ መንገዱን ይቀይራል። በዕረፍት ላይ ከጠቅላላው ደም ወደ ጡንቻ የሚሄደው አንድ አምስተኛ ያህል ነው፤ በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ወደ ጡንቻ ይጎርፋል፣ የአንጀትና የኩላሊት ድርሻ ይቀንሳል። አንጎል ድርሻውን አይነጠቅም። ጥግብ ያለ ምሳ በልቶ ወዲያው ዳገት የወጣ ሰው ሆዱን የሚቆርጠው፣ አንጀትም ጡንቻም አንዱን ደም ስለሚሻሙ ነው። ከከባድ ምግብ በኋላ 2 ወይም 3 ሰዓት ይቆዩ።

ሳንባው ጋ እንምጣ። ሳንባ የራሱ ጡንቻ የለውም፤ እንደ ወናፍ ነው፣ የሚከፍትና የሚዘጋው ሌላ ነው። የሚያሠሩት ከሥሩ የተዘረጋው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻና የጎድን አጥንት ጡንቻዎች ናቸው። በዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር አየር የሚያመላልሰው ሳንባ ከባድ ሥራ ላይ ከ100 ሊትር ያልፋል። ጤነኛ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ያጠልቃል፤ ቀጥሎ ያፈጥነዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ላርም። ዳገት ላይ የሚሰማው የትንፋሽ ማጠር ብዙ ጊዜ «ደሜ ውስጥ ኦክስጅን አለቀ» ማለት አይደለም። ትንፋሽን አብዝቶ የሚነዳው ጡንቻ የሚያመርተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ፣ እንዲሁም ከአንጎልና ከሚሠሩት እግሮች የሚመጣው ትእዛዝ ነው። አንድ የሥራ መጠን ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ከሥራው ጋር እኩል መሄዱን ትቶ ቀድሞ ይሸሻል፤ ንግግር የሚቋረጠው ያኔ ነው። ይህች ነጥብ የእርስዎ ወሰን ናት። ልምምድ የሚያደርገው ይህችን ወሰን ወደ ላይ መግፋት ነው።

አሁን ልኬቱን ያድርጉ። ዳገቱን መውጣት ከጀመሩ ከ5 ደቂቃ በኋላ፣ በሚመችዎ ፍጥነት ላይ ሆነው፣ ሁለት ነገር ይፈትሹ።

አንደኛ፣ ጮክ ብለው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። አብሮዎት የሚሄድ ሰው ካለ ጨዋታ ይጀምሩ። መናገር ችለው መዝፈን ካልቻሉ መካከለኛ ሥራ ላይ ነዎት። ከጥቂት ቃላት በኋላ አየር መሳብ ካስፈለገዎ ከባድ ሥራ ላይ ነዎት። መዝፈን ከቻሉ ደግሞ ገና አልጀመሩም።

ሁለተኛ፣ ቆም ብለው ወዲያውኑ ምትዎን ለ10 ሰከንድ ብቻ ቆጥረው በ6 ያባዙ። ለአንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር እዚህ አይሠራም፤ በቆሙ ቅጽበት ምቱ መውረድ ስለሚጀምር የሚያገኙት ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

ቁጥሩን ለመተርጎም ከፍተኛውን ምትዎን በግምት ያስሉ። ዕድሜዎን በ0.7 አባዝተው ከ208 ላይ ይቀንሱ። የ40 ዓመት ሰው ከሆኑ 28 ከ208 ላይ ተቀንሶ 180 ይሆናል። መካከለኛ ሥራ ከዚህ ከ64 እስከ 76 በመቶ ነው፤ ማለትም ከ115 እስከ 137 አካባቢ። ከዚያ በላይ ከባድ ሥራ ነው። ስሌቱ ግምት መሆኑን አይርሱ፤ ከሰው ሰው 10 ምትና ከዚያ በላይ ይለያያል። አቴኖሎል ወይም ፕሮፕራኖሎል የመሳሰሉ ምትን የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎችም በቁጥሩ አይመሩ፤ የንግግሩ ፈተና ይበቃቸዋል።

ሁለቱን አብረው ሲያነቡ ነገሩ ይገለጣል። ምቱም ትንፋሹም አብረው ከፍ ካሉ ሰውነት የተጠየቀውን እየሠራ ነው። ምቱ እጅግ ፈጥኖ ትንፋሹ ረጋ ያለ ከሆነ ሙቀትን፣ የውሃ ጥምን፣ ቡናን፣ ትኩሳትን ወይም የደም ማነስን ይጠርጥሩ። ምቱ ብዙም ሳይጨምር ትንፋሹ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ በተለይ ሳልና ፉጨት ካለው፣ ወደ ሳንባው ያስቡ። ይህ ምርመራን አይተካም፤ ለሐኪም የሚነግሩትን ግን ያስይዝዎታል።

ደረጃ 5፦ ቁልቁለትና ሸክም

ቁልቁለት ላይ ልብ ታርፋለች፣ ጉልበትና ጭን ግን ይሠራሉ። ጡንቻው እየተለጠጠ ስለሚገታ በማግሥቱና በሦስተኛው ቀን ጭን ይታመማል። ሕመሙ በጥቂት ቀናት ይለቃል። በመጀመሪያው ሳምንት ረጅም ቁልቁለት አይምረጡ።

ሸክም ሌላ ነገር ነው። በጄሪካን ውሃ ማንሳት ወይም ድንጋይ መሸከም እንደ እርምጃ አይደለም። በእርምጃ ጊዜ ከፍ የሚለው የላይኛው የደም ግፊት ነው፤ የታችኛው እምብዛም አይነቃነቅም። ከባድ ነገር አንስቶ መያዝ ግን ሁለቱንም ይሰቅላቸዋል፤ ትንፋሽ ከታፈነ ደግሞ ይብሳል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ትንፋሹን ይዞ አያንሳ። ከማንሳትዎ በፊት አየር ያስገቡ፣ እያነሱ ያስወጡ።

ደረጃ 6፦ እንቅስቃሴን ማቆምና የማገገሚያ ቆጠራ

ዳገቱ አናት ላይ ደርሶ ዘፍ ብሎ መቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይተዉት። በሚራመዱበት ጊዜ የባት ጡንቻዎች በተኮማተሩ ቁጥር ደሙን ወደ ላይ፣ ወደ ልብ ይገፉታል። በድንገት ሲቆሙ ይህ ግፊት ይቋረጣል፤ የእግር ደም ሥሮች ግን ገና እንደተከፈቱ ናቸው። ደም እግር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ግፊት ይወርዳል፣ ዓይን ይጨልማል። ከ5 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በዝግታ እየተራመዱ ይብረዱ።

በዚህ ጊዜ አንድ ጠቃሚ ቁጥር ያገኛሉ። ሥራውን እንዳቆሙ የቆጠሩትን ምት ይያዙ፤ በዝግታ እየተራመዱ ልክ በ1 ደቂቃው እንደገና ለ10 ሰከንድ ይቁጠሩ። ልዩነቱን ይመዝግቡ። ቢያንስ 12 ምት መውረድ አለበት፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ጥሩ ነው። አረጋጊው ነርቭ ወደ ሥራው መመለሱን የሚያሳይ ነውና እኔ ከሁሉም ቁጥሮች አብልጬ የማየው ይህን ነው። ደጋግመው ቆጥረው ከ12 በታች ካገኙ ለሐኪም ያሳዩት።

ደረጃ 7፦ ሳምንታቱን ማቀናጀት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። አዲስ ጀማሪ ከሆኑ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደቂቃውን በጥቂቱ፣ ቀጥሎ ቀኖቹን ይጨምሩ። ፍጥነት የመጨረሻው ነው። ማውራት የሚያስችልዎትን ፍጥነት ለብዙ ሳምንታት አይልቀቁት።

የመጀመሪያው ለውጥ የሚመጣው በደም ውስጥ ነው። በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ይበዛል፣ ለያው ዳገት የምትመታው ቁጥር ይቀንሳል። በወራት ውስጥ የልብ የግራ ክፍል ይሰፋል፣ ይጠነክራል። በጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ሥሮችና ኃይል የሚያመርቱት ማይቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ። ሳንባ ግን አያድግም፤ የሚጠነክሩት የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች ናቸው። የተሻለ የሚተነፍሱት ጡንቻዎ አሲድ ማምረት ስለሚቀንስ ነው። ልምምዱን ካቆሙ ሁሉም በሳምንታት ውስጥ መመለስ ይጀምራል።

በየወሩ አንድ ቀን ያንኑ ዳገት በያው ፍጥነት ወጥተው ሦስቱን ቁጥሮች ያነጻጽሩ፦ የጠዋቱን ምት፣ አናት ላይ የቆጠሩትን፣ በ1 ደቂቃ የወረደውን።

ጾም ሲመጣ ዕቅዱን እንጂ ልምምዱን አይሰርዙ። በረመዳን ውሃም ስለማይጠጣ የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብም ለያው ሥራ ይበልጥ ይመታል። ቀላል እርምጃ ከማፍጠሪያው በፊት ባለው አንድ ሰዓት ይመቻል፤ ከበድ ያለውን ካፈጠሩ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ ያድርጉት። በዓቢይ ጾም ረጅም ሰዓት የሚጾም ሰውም እንዲሁ ከምግብ ሰዓቱ ጋር ያቀራርበው። በጾም ወራት ብረት የሚገኘው ከምስር፣ ከጎመንና ከጤፍ ስለሆነ ሎሚ ወይም ቲማቲም ይጨምሩበት፣ ሰውነት ብረቱን እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ይይዙበታልና አንድ ሰዓት ያዘግዩአቸው። የደም ማነስ ያለባት ሴት ልብ በዕረፍትም ትሮጣለች።

ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ባቲ ወይም ወደ ቆቦ ከወረዱ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ግን የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሰውነት ለመቀዝቀዝ ደሙን ወደ ቆዳ ይልካል፣ ላብም ፈሳሹን ያፈሳል፤ ፍጥነትዎ ሳይጨምር ምትዎ ቀስ በቀስ ሲወጣ ያገኙታል። ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይውጡ፣ ውሃ ይያዙ። ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጡ ደግሞ አቀበቱን በቀናት ይከፋፍሉት፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ከፍታ አይጨምሩ፤ ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ካጠረ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ይውረዱ።

ወዲያውኑ የሚያስቆሙ ምልክቶች

ደረት ላይ የሚጫን፣ የሚያጣብቅ ሕመም፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ ከሆነ ይበልጥ። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ሕመሙ ሳይኖር ያልተለመደ ድካም፣ ማቅለሽለሽና ቀዝቃዛ ላብ ብቻ ሊመጣ ይችላል፤ «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ ስንቱ ቀርቷል። በእንቅስቃሴ መካከል ራስን መሳት፣ በተለይ በወጣት ላይ፣ እስኪመረመር ድረስ እንደ ከባድ ነገር ይታይ። ቆመው ከ10 ደቂቃ በላይ አርፈውም የማይመለስ ትንፋሽ፣ ያለ ሥርዓት የሚዘል ምት፣ ደም የቀላቀለ አክታም እንዲሁ። እነዚህ ሲመጡ «ትንሽ ልየው» አይባልም፤ ተቀምጦ፣ ሰው ጠርቶ፣ በተገኘው መኪና ወደ ቅርብ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከእነዚህ የቀለሉ ግን ችላ የማይባሉ አሉ፦ ማታ ጋደም ሲሉ የሚያፍን ትንፋሽ፣ ከእንቅልፍ አስደንግጦ የሚያስነሳ ማፈን፣ የሁለቱም እግር ማበጥ፣ ባለፈው ዓመት በቀላሉ የወጡት ዳገት ዘንድሮ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስቆመዎ። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ደብተርዎን ይዘው ይቅረቡ። «ይደክመኛል» ብቻ አይበሉ፤ የትኛውን ዳገት፣ ስንት ደቂቃ ወጥተው፣ ምትዎ ስንት ደርሶ፣ በ1 ደቂቃ ስንት ወርዶ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተለወጠ ይንገሩት። ልብዎን በማዳመጫ እንዲሰማልዎ፣ የደም ግፊትዎንና የደም ማነስ ካለብዎ እንዲያይልዎ ይጠይቁ፤ የልብ ድምፅ ላይ የሚጠረጠር ነገር ከሰማ ደግሞ የልብ አልትራሳውንድ የሚሠራበት ሆስፒታል እንዲጽፍልዎ አጥብቀው ይጠይቁ።